በእናቶች ማቆያ የከረምኩባቸው ሳምንታት

የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት ከመኪና መንገድ ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ሳስተምር ነው። ባለቤቴም አስተማሪ ነው፤ ያን ጊዜ ጫግኒ ተመድቦ ይሠራ ነበር። እናቴ ከዓመት በፊት ዳንግላ ላይ አርፋለች፤ ያደግኩበት የኪራይ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል። በእኛ አገር ሴት ልጅ የበኩሯን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ የምሄድበት የእናት ቤት እንደሌለኝ ለራሴም መንገር አልፈልግም ነበር። ባለቤቴ «ነይ፣ እኔ ጋ ትወልጃለሽ» ሲለኝ ጎረቤቶቼ ሰምተው ተንጫጩ።

«ደጋ የለመደች ነፍሰ ጡር በክረምት ጫግኒ ትወርዳለች? ለወባ ልትሰጪው ነው ይኸን ልጅ?» አሉኝ።

መላ ያመጣችልኝ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የሰኔ መጨረሻ ነበር፤ የተማሪዎቼን ካርድ እየሞላሁ ተቀምጬ ነበር። ጭቃ የዋጠውን ቦቲዋን ደጅ አውልቃ ገባችና ሆዴን አየት አደረገችው።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«ስምንተኛውን ጨርሻለሁ።»

«ወንዙ ሲሞላ ምን ልትሆኚ ነው?»

የያዝኩትን ካርድ አስቀመጥኩ። መሄጃ እንደሌለኝ አውቃ ነው የመጣችው።

«ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለ» አለችኝ። «ምጥሽ እስኪመጣ እዚያ ትቀመጫለሽ። መኝታ አለ፣ ምግብ አለ፣ አዋላጅ በየቀኑ ታይሻለች። ምንም አትጠየቂም።»

«ማን ነው የሚያበላኝ?»

«አገሩ ነዋ! በየዓመቱ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ እህል ይወጣል። አንቺም እኮን ሰጥተሻል፤ ረሳሽው?»

እውነቷን ነው። ጥር ላይ የሴቶች የልማት ቡድን መሪዋ ጣሳ ይዛ ስትዞር አንድ ጣሳ ገብስ ሰፍሬ ሰጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ ግን በቅጡ አልጠየቅኩም፤ ለችግረኛ የሚሰጥ መስሎኝ ነበር። አሁን ያንን ገብስ ልበላ መሄዴ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ደመወዝተኛ ነኝ፣ የተማርኩ ነኝ፣ የከተማ ልጅ ነኝ፤ አገር አዋጥቶ ሊያበላኝ ነው ብዬ ማፈሬ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን አላሳቀኝም።

ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት በቅሎ አውሶኝ፣ ሁለት ጎረቤቶቼ ግራና ቀኝ እየደገፉኝ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ያለባት፣ ከእንጅባራ ዝቅ ብላ ያለችው ትንሽ ከተማ ስንደርስ ዝናቡ ልብሳችንን ሰውነታችን ላይ አጣብቆት ነበር።

ማቆያው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ በነጭ አፈር የተለቀለቀ ግድግዳ፣ ከቀርከሃ የተሠሩ ስድስት አልጋዎች። ደጃፉ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከጎኑ ማድ ቤት። ከማድ ቤቱ ያበስሉልን የነበሩት ሴትዮ ብቅ አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤታቸው ከጤና ጣቢያው አጥር ማዶ የሆነ ሴት ናቸው።

«የመጀመሪያሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እናትሽስ?»

«ሞታለች።»

 እርጥብ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንስተው እሳቱ አጠገብ ሰቀሉት፤ ትኩስ አጥሚት በጣሳ ሰጡኝ። «ጠጪ። ከዚያ ትተኛለሽ። አልጋ የምትመርጪው ነገ ነው፤ ዛሬ እኔ እመርጥልሻለሁ» አሉና ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተጠጋውን፣ ሙቀት የሚያገኘውን አልጋ ሰጡኝ።

ከአጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ስድስተኛ ልጇን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። እማማ «ባለ ስድስቷ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፤ እኔም በዚያው ለመድኩት። አርባ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ፊቷ ሰፊ፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ናት። አምስቱንም ልጆቿን የወለደችው ቤቷ ነው። በስድስተኛው የጤና ጣቢያው አዋላጅ «ዕድሜሽም ሄዷል፣ ሆድሽም ላልቷል፤ ይኸኛው እዚህ ይሁን» ብላ በግድ አስመጣቻት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገረው ግን ቶሎ ይሰለቻትና ወደ አገሯ ቋንቋ ወደ አዊኛ ትመለሳለች።

የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አዊኛ እሰማለሁ፣ መናገር ግን አልችልም። እናቴ ከገጠር ዘመዶቿ ጋር ገበያ ውስጥ ስትገናኝ ብቻ ነበር የምትናገረው። ከሰዎቹ ጋር ስታወራ ፊቷ ይለወጣል፤ ትስቃለች፣ እጇን ታወናጭፋለች። ቤት ስንገባ ግን ከእኔ ጋር አማርኛ ብቻ። ትምህርት ቤት እንዳይከብደኝ ብላ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ ያቺን ገበያ ውስጥ የምትስቀውን ሴት እወዳት ነበር፤ ቤት ይዣት የምገባበትን መንገድ ግን አላውቅም።

ባለ ስድስቷ ይኸን በሁለት ቀን ውስጥ አወቀችብኝ። «ቲቸር፣ ትሰሚኛለሽ፤ ለምንድን ነው የማትመልሺልኝ?» አለችኝ።

«እሳሳታለሁ።»

«ተሳሳቺ! ልጅ ሳይወድቅ ይሄዳል?»

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብላ ያዘችኝ። ጠዋት ክብደታችንንና የደም ግፊታችንን ተለክተን ስንጨርስ ደጃፍ ያለው ወንበር ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሷ እንዝርቷን ታሾራለች። እኔ ለልጄ ኮፍያ በኪሮሽ እሠራለሁ። የጤና ጣቢያውን አጥር አልፎ ጉሙ ሲገለጥ ማዶ ለከሰል የተተከለው ዛፍ ይታያል፤ ከመካከሉ የከሰል ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እሷ በአገጯ ታመለክትና የነገሩን ስም በአዊኛ ትነግረኛለች፤ እኔ እደግመዋለሁ። ስሳሳት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትንፈቀፈቃለች።

«ተይኝ ባክሽ! በሳቅ ልታስወልጂኝ ነው።»

እኔ ስገባ የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም ነበር። እማማ ሁለት ድስት ይጥዳሉ፤ አንዱ ቅቤ ያለው፣ አንዱ የተልባ። ነፍሰ ጡር ጾሙ አይያዝባትም ቢባልም ባለ ስድስቷ ከተልባው ነበር የምትበላው። ገንፎው ከየቀበሌው በተዋጣው ገብስ የተሠራ ነው። አንድ ቀን እማማ ዱቄቱን እየነፉ «ይኸ ከአዘና በኩል የመጣው ነው፤ ነጭነቱን አያችሁ?» ሲሉ ሰማኋቸው። የትኛው ከየት እንደመጣ በመልኩ ያውቁት ነበር። እኔም የገንፎው ሙቀት በጉሮሮዬ ሲወርድ ያ ሐፍረቴ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የባለ ስድስቷ ባል በፈረስ ይመጣል። ፈረሱን አጥሩ ላይ ያስርና እዚያው ይቆማል፤ የሴቶች ቤት ነው ብሎ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በቅል እርጎ፣ በከረጢት አዲስ ድንች ያመጣል። እሷ ወደ አጥሩ ትሄድና ብዙ ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ድንቹን እማማ ቀቅለው ለሁላችንም ያከፋፍሉታል፤ ከዳጣ ጋር እየላጥን እንበላለን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ ላይ በልቻለሁ፤ የዚያን ድንች ያህል የጣፈጠኝ ምግብ ግን አላስታውስም።

በሁለተኛው ሳምንት የለመድናት አዋላጅ ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄደች። በእሷ ቦታ ከሌላ ጤና ጣቢያ ወንድ አዋላጅ መጣ። ወጣት፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እያለ ይደክማል። ከወሎ በኩል የመጣ ስለሆነ አዊኛ አይሰማም።

ባለ ስድስቷ ገና ስታየው ነጠላዋን ተከናነበች። «ልጄ የሚያህል ጎረምሳ ነው ሆዴን የሚያየው?» አለችኝ በአዊኛ። እማማ አብረዋት ገብተው፣ ከቀሚሷ በላይ ብቻ እንዲዳስሳት ተስማምታ፣ እኔ ለማስተርጎም መጋረጃው ጋ ቆምኩ። በመዳፉ ሆዷን ግራና ቀኝ ያዘው። ቆየ። እንደገና ከላይና ከታች ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህርት፣ ይኸን በደንብ ንገሪልኝ። ልጁ የተኛው በአግድም ነው። ጭንቅላቱም እግሩም ወደ መውጫው አይደለም። ቤቷ ሆና ምጥ ከያዛት ልጁ አይወጣም፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ከዚህ ግቢ መውጣት የለባትም። ምጥ እንደጀመረ፣ ካልሆነም ከዚያ በፊት፣ እንጅባራ ሆስፒታል እንወስዳታለን።»

እሷ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

አግድም የሚለውን ቃል በአዊኛ አላውቀውም ነበር። ይኸ አንዱ ነው። ሌላውን ግን አውቀው ነበር፤ ሞት የሚለውን ቃል ማን ያጣዋል? ግን የደረሰች ነፍሰ ጡር ፊት ሞት መጥራት እንደ ሟርት ሆኖ ታየኝ። እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በእኔም ላይ የሚያርፍ መሰለኝ። እና እንዲህ አልኳት፦

«ልጁ ትንሽ ዘንበል ብሏል ይላል። እዚሁ ብትቆዪ ጥሩ ነው ይላል።»

«ዘንበል?» አለችና ሳቀች። «ሁለተኛዋ ልጄም ዘንበል ብላ ነበር፤ አያቷ በቅቤ አሽታ መለሰቻት።»

አዋላጁ «ገባት?» አለኝ።

«ገባት» አልኩት።

ቅዳሜ ዕለት ልብሴን አጥቤ አስጥቼ፣ ክብደት ልለካ ጤና ጣቢያው ገብቼ ስመለስ የባለ ስድስቷ አልጋ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ታጥፎ ራስጌው ላይ ተቀምጧል። እንዝርቷ የለም።

«እማማ፣ የት ሄደች?»

«ባሏ ይዟት ሄደ» አሉኝ እንጨት እየፈለጡ። «ትንሹ ልጇ እያለቀሰ አስቸገረ አሉ። ሲስተር ከባሕር ዳር ስትመለስ እመለሳለሁ ብላለች። ጨው ሊገዙ በገበያው በኩል ነው የሚያልፉት።»

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለእማማ ነገርኳቸው፤ እሱ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን። ስናገር አለቀስኩ። መጥረቢያውን አስቀመጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«እና እኔስ እዚያው ቆሜ አልነበረም? እኔም እኮ አማርኛውንም አዊኛውንም እሰማለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስትረጋጊ ደግመሽ የምትነግሪያት መስሎኝ ዝም አልኩ። እኔም ያንን ቃል ፈራሁት። በይ ተነሺ፤ ለንስሐው ጊዜ አለን።»

አዋላጁ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ለባልና ሚስቱ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ እንጅባራ ሄዷል። እማማ መልስ ሳይጠብቁ በር ላይ ያለፈ የፈረስ ጋሪ አስቆሙና እኔን ደግፈው አወጡኝ።

ገበያው በሰው ተሞልቷል። ጋሪው በድንች ተራ፣ በጌሾ ተራ፣ የቀርከሃ ሰሌን በተደረደረበት በኩል አለፈ። እማማ ቆመው ግራ ቀኝ ያያሉ፤ እኔ የጋሪውን እንጨት ጨብጬ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ እናቴን እጠራለሁ። ጨው ተራ ስንደርስ ፈረሱን አወቅኩት። ባልየው ይደራደራል፤ እሷ አንድ ድንጋይ ላይ አረፍ ብላ ወገቧን በእጇ ይዛለች። ስታየኝ ፈገግ አለች።

«ቲቸር! ልትሸኚኝ መጣሽ?»

ከጋሪው ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ። በገበያው መካከል፣ በዚያ በተሰባበረው አዊኛዬ ነገርኳት። የማለሳለሻ ቃል አላውቅም ነበርና እንደ ሕፃን ልጅ ፍርጥ አድርጌ ነው ያልኩት፦

«ቤትሽ ከወለድሽ ትሞቻለሽ። ልጁም ይሞታል።»

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «እሱ ነው ያለው?»

«እሱ ነው ያለው። ያን ጊዜ ነው ያለው። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።»

ባሏ ጨዉን ትቶ ዞሯል። «እንዴት ሆኖ ነው ልጁ?» አለኝ በአማርኛ። ቃሉ አሁንም የለኝም። የያዘውን በትር ከእጁ ወሰድኩና መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ከዚያ አዙሬ ሆዴ ላይ በአግድም አጋደምኩት። አየው። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

«ባለፈው ዓመት ላማችን እንዲህ ሆና ነው የሞተችው» አለ። ድምፁ እምብዛም አይሰማም። በትሩን ከእጄ ተቀብሎ ፈረሱን ፈታና ፊቱን ወደ ጤና ጣቢያው አዞረው። ጨዉ እዚያው ቀረ።

እሷ ግን ከድንጋዩ አልተነሳችም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«ቲቸር፣ ተማሪዎችሽ ሲሳሳቱ ትገርፊያለሽ?»

«አንዳንዴ።»

«አንቺን ማን ይግረፍሽ?»

 ዝናቡ ጀመረ። እማማ በአንድ እጃቸው እሷን፣ በሌላው እኔን ይዘው ጋሪው ላይ አወጡን። ሁለት የደረሱ ነፍሰ ጡሮች በአንድ ጋሪ ተጭነው ሲሄዱ ያየ ገበያተኛ ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣችሁ!» እያለ ይመርቀናል። ባለ ስድስቷ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች። ባሏ ፈረሱን እየሳበ ከኋላችን ይከተላል። 

ስንደርስ አዋላጁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። በርጩማ አመጣና ከአልጋዋ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «አሁን እያንዳንዱን ቃል ንገሪልኝ፤ አንዲትም አትቀንሺ» አለኝ። አልቀነስኩም። ቃል ሲጠፋኝ እማማ ያቀብሉኛል። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችው።

«እናትህ በሕይወት አለች?»

«አለች» አለ።

«እንግዲያው እሷን እንደምትነካ አድርገህ ንካኝ» አለችና ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ቁርስ እየበላን ሳለ የሽርት ውኃዋ ፈሰሰ። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ነበር። አዋላጁ አብሯት ገባ፤ እማማም መደረቢያቸውን ብቻ ደርበው ገቡ። እሷ በሩ ሊዘጋ ሲል ቀና ብላ ፈለገችኝ። አይታኝ መልሳ ተኛች። እኔ የማድ ቤቱን እሳት እንዳይጠፋ እየቆሰቆስኩ ዋልኩ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ስልኳን እያወዛወዘች በሩጫ መጣች። በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። በግቢው የነበርን ሴቶች፣ የምናውቃትም የማናውቃትም፣ ሰባት ጊዜ እልል አልን።

የኔ ቀን ሐሙስ ነበር። ጠዋት ጀምሮኝ ከሰዓት በኋላ አለቀ። እማማ ተመልሰው ነበርና ከራስጌዬ ሆነው «ማርያም ማርያም» እያሉ ወገቤን ያሹኛል፤ አዋላጁ መሬት መሬት ማየቱን ትቶ «አይዞሽ፣ መምህርት፣ ደረሰች» ይለኛል። በመጨረሻው ሰዓት እናቴን የተጣራሁት በአዊኛ ነው አሉኝ። እኔ አላስታውሰውም። ሴት ልጅ ወለድኩ። ባለቤቴ ዓርብ ዕለት ከጫግኒ በሚኒባስ ደረሰ፤ ያመጣውን አንድ ዘንቢል ማንጎ አልጋዬ ላይ ዘረገፈው። የገንፎው ቀን የሰፈሩ ሴቶች ቅቤያቸውን እየያዙ መጡ። አንዳቸውም ዘመዴ አልነበሩም።

ወልዶ አንድ ቀን አድሮ መሄድ ነው የማቆያው ደንብ። እኔ ግን ወንዙ ሞልቶ መንገድ ስለተዘጋብኝ እማማ «የት ትሄዳለች?» ብለው ተከራክረው አስቀሩኝ። ስለዚህ ባለ ስድስቷ ከሆስፒታል ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ። የቁስሏ መጠቅለያ እዚህ እንዲቀየርላት ነበር የመለሷት። የመጀመሪያውን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተኛች። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጄን ታቅፌ ስቀመጥ እየተንገዳገደች ተነሣች፤ ልጇን አምጥታ በሌላው ክንዴ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢልኝ፤ ልታጠብ ነው» አለችኝ።

ሁለት ልጅ ታቅፌ መንቀሳቀስ አቅቶኝ ተቀመጥኩ። እሷ ውኃውን እየተጣጠበች፣ እንደ ድሮው፣ የሳሙናውን፣ የፎጣውን፣ የባልዲውን ስም በአዊኛ ትጠይቀኝ ጀመር። ስለዚያ ቅዳሜ ከዚያ በኋላ አንስተን አናውቅም።

ልጄ አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት። እኔና ባለቤቴም ተቀይረን እንጅባራ እንኖራለን፤ የድሮ ሰዎች አሁንም ቆሰበር የሚሏት ከተማ። እማማ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሕፃን ያዘለች፣ ልጅ ያስከተለች ሴት ብዛት ቄሱን ሳይቀር አስገርሟል። ማቆያው በብሎኬት ተሠርቷል፤ የብረት አልጋ ገብቶለታል፤ ቴሌቪዥንም አለው። ጥሩ ነው፤ አልወደድኩትም እንዳይመስላችሁ፣ ያ የጭቃ ቤት ያፈስ ነበር። ግን አንዳንዴ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ያ ወንበር፣ ያ ጉም፣ የባለ ስድስቷ ወፍራም ሳቅ ይመጣብኝና ሥራዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። እናቴን ካጣሁ በኋላ ሰው የጠበቀኝ፣ ያበላኝ፣ የተቆጣኝ እዚያ ነው። የእናቴንም ቋንቋ ያገኘሁት እዚያ ነው። አሁን እናገረዋለሁ፤ ባለ ስድስቷ እስካሁን ብትስቅብኝም።

ባለፈው ክረምት ስልክ ደወለችልኝ። ሁለተኛዋ ልጇ አርግዛ ማቆያው ገብታለች፤ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ፈርታለች። «መጥተሽ አጫውቻት» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ሄድኩ። ባለ ስድስቷ ራሷ ልጇ እግር ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ጠጉሯ ሸብቷል። ድንች ተቀቅሎ ጠበቀኝ። ልጅቱ ብዙ ጠየቀችኝ፦ ያማል ወይ፣ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ወንድ አዋላጅ ከመጣ ምን ላድርግ። የጠየቀችኝን ሁሉ እንዳለ ነገርኳት። እናቷ ድንቹን እየላጠች ታዳምጣለች፤ አንድ ሁለቴ የተሳሳትኩትን ቃል አረመችልኝ። ሊመሽ ሲል የመጨረሻው ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ተነሣሁ፤ ልጅቱ ግን እጄን ይዛ «ትንሽ ቆዪ» አለችኝ። መልሼ ተቀመጥኩ።